ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ፥ ማቃጠል ሁሉ ብርድ አይደለም

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በከተማችን ራሱን የሚያመው፥ ሰውነቱን የሚቆረጥመው፥ ምግብ አልበላ ያለው ሰው ወደ አንድ ክሊኒክ ጎራ ብሎ፥ ጥቂት ደም ሰጥቶ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ወረቀት ይዞ ሲወጣ፥ ወዳጆቹ «ምን አሉህ?» ብለው ይጠይቁታል። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ» ይላል። ሁለቱም በአንድ ቀን፥ በአንድ ወረቀት፥ በአንድ ሰው ላይ! ከዚያም ኪኒን ይገዛል፤ በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል ወይም አይሻለውም፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» ሲል ይሰማል።

ሽንቱን ሲሸና የሚያቃጥለው ሰውም እንዲሁ ነው። እሱ ደግሞ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይልና ነገሩን በሆዱ ይዞ ይሰነብታል፤ ሲብስበት ከጓደኛው ዘንድ የተረፈ ኪኒን ይለምናል፤ ሁለት ቀን ውጦ ሲቀልለው ይተወዋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ነገሩ ከሁሉ ይልቅ እናንተን፥ ማለት በኪራይ ክፍልና በተማሪ ማደሪያ የምትኖሩትን፥ ምሳችሁን በምግብ ቤት የምትበሉትን፥ ደመወዛችሁ ከወር እስከ ወር በጭንቅ የሚያደርሳችሁን ይመለከታል። ለሕክምና ያላችሁ ገንዘብ ጥቂት ነውና ያ ጥቂት ገንዘብ ላልያዛችሁ በሽታ መዋል የለበትም። ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳስበው፥ ላልያዛችሁ በሽታ መድኃኒት ስትወስዱ የያዛችሁ በሽታ ሥራውን መቀጠሉ ነው።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። «ታይፈስ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ጢስ ወይም ጭጋግ ማለት ነው፤ በትኩሳት ብዛት የታመመው ሰው አእምሮ መፍዘዙን ያመለክታል። «ታይፎይድ» ደግሞ «ታይፈስን የሚመስል» ማለት ነው። ስማቸው እንዲህ የተቀራረበው የዱሮ ሐኪሞች ሁለቱን በሽታዎች መለየት አቅቷቸው ስለ ነበር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ጌርሃርድ በፊላዴልፊያ ከተማ በ1837 ዓ.ም. ልዩነታቸውን ገለጠ፤ በለንደንም ዊልያም ጄነር በ1850 ገደማ ይህንኑ አጸና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።) የእኛም አባቶች ብዙውን ክፉ ትኩሳት «ተስቦ» በሚል አንድ ስም ይጠሩት ነበር፤ ታይፎይድ «የአንጀት ተስቦ» የተባለውም ከዚያ በኋላ ለመለየት ሲባል ነው።

ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሚገባውም በአፍ ነው፤ ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውኃ፥ በወተት፥ በጥሬ አትክልት ወይም ባልታጠበ እጅ በኩል ወደ ሌላው ሰው አፍ ይደርሳል። ታይፈስ ግን ከምግብ ጋራ ምንም ጉዳይ የለውም። የታይፈስ ተሐዋሲ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የሚባል ሲሆን፥ አመላላሹ የልብስ ቅማል ነው። ይህንንም ፈረንሳዊው ሻርል ኒኮል በቱኒስ ከተማ በ1909 አረጋግጦ፥ በዚህ ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የሚገርመው፥ ቅማሉ በሽታውን የሚያስገባው በንክሻው አይደለም፤ ሰውዬው ሲያክከው የቅማሉ ኩስ በቆሰለው ቆዳ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አንዱ በቆሸሸ ውኃና ምግብ፥ ሌላው በቅማል የሚመጡ ሁለት በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን መገኘታቸው እጅግ ብርቅ መሆን ሲገባው፥ በእኛ ዘንድ የዕለት ተዕለት ወሬ የሆነው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ያለው በወረቀቷ ላይ ነው።

ያች ወረቀት የሁለት ምርመራዎችን ውጤት ትይዛለች። አንደኛው ዊዳል ይባላል፤ ፈረንሳዊው ፌርናንድ ዊዳል በ1896 ያወጣው ነው። ሁለተኛው ቫይል ፌሊክስ ሲሆን፥ ኤድመንድ ቫይልና አርተር ፌሊክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1916 ገደማ ያስተዋወቁት ነው። ሁለቱም በጊዜያቸው ትልቅ ጥበብ ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ተሐዋሲውን ራሱን አያሳዩም፤ የሚያሳዩት ሰውነት ጠላትን ለመከላከል ያዘጋጀውን ፀረ አካል ነው። ይህ ማለት ሌባውን ሳይሆን የሌባውን ኮቴ ማየት ነው። ኮቴውም የዛሬ ይሁን የዓምና፥ የዚያው ሌባ ይሁን የመሳዩ አይታወቅም። ከዓመታት በፊት ታይፎይድ የታመመ ሰው፥ የታይፎይድ ክትባት የወሰደ ሰው፥ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ ሆዱን ያመመው ሰው፥ አንዳንድ ጊዜም በወባ የተያዘ ሰው በዊዳል ምርመራ «አለበት» ሊባል ይችላል።

የቫይል ፌሊክስ ነገር ደግሞ ይብስ የሚያስደንቅ ነው። ይህ ምርመራ የታይፈስን ተሐዋሲ እንኳ አይጠቀምም፤ ፕሮቴየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ከታይፈሱ ጋራ ጥቂት መመሳሰል ስላለው በእሱ ፈንታ ይገባል። ፕሮቴየስ ግን ራሱን የቻለ የሽንት ቧንቧ በሽታ ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቅማል የሚባል በልብሷ ያልነበረባት አንዲት ተማሪ፥ በሽንት ፊኛዋ ውስጥ ፕሮቴየስ ገብቶ ሲያተኩሳት «ታይፈስ አለብሽ» ልትባል ትችላለች ማለት ነው። የሽንቱ በሽታ የታይፈስን ስም ይዞ ይመጣል፤ መድኃኒቱም ለታይፈስ ይታዘዛል።

ታዲያ ታይፎይድ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ በበሽታው አካሄድ ነው። ተሐዋሲው ከገባ በኋላ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አንድ ወር ድረስ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ እንደ ደረጃ መውጫ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ከፍ ይላል፤ ራስ ያማል፤ ሆድ ይከብዳል፤ አንዱን ያስቀምጠዋል፥ ሌላውን ያደርቀዋል፤ ጉልበት ይከዳል። አንድ ቀን አተኩሶ በነጋታው የሚተው፥ ወይም ትኩሳት ሳይኖር ድካምና የራስ ምታት ብቻ የሆነ ነገር ታይፎይድ ነው ለማለት አያስደፍርም። ሁለተኛውና የተረጋገጠው መንገድ ደም ወስዶ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማብቀል ነው፤ ይህም የደም ካልቸር ይባላል። ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ በየመንደሩ ክሊኒክም አይገኝም፤ ሲደረግም ከ100 በሽተኞች ከ60 ያህሉ በላይ አያሳይም። ያም ቢሆን ባክቴሪያውን ራሱን ይይዛል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይናገራል። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ደም ከመስጠታችሁ በፊት አንቲባዮቲክ የዋጣችሁ እንደ ሆነ ባክቴሪያው በላቦራቶሪው ውስጥ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ «ለጊዜው እስኪ ይህችን ልዋጥ» ማለት መርማሪውን ዓይኑን እንደ ማሰር ነው።

ከዚህም ጋራ ሌሎቹን ትኩሳቶች መዘንጋት አይገባም። ከመተማ፥ ከጋምቤላ፥ ከአዋሽ ሸለቆ ወይም ከሌላ ቆላ አገር የተመለሰ ሰው ካተኮሰው፥ ማንም ስለ ታይፎይድ ከመናገሩ በፊት ለወባ ይመርመር፤ ወባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላልና። ከቅማል የሚመጣውም ግርሻ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ትኩሳቱ ለቆ ከሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ስለሚያገረሽ ስሙን ከዚያ አገኘ። ወባም ግርሻም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በደም ጠብታ ውስጥ ተሐዋሲያቸው ራሱ ይታያል። እንግዲህ ሐኪማችሁን «ወባስ ታይቷል?» ብላችሁ በአክብሮት መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ከአንቲባዮቲክ ዘመን በፊት ታይፎይድ የያዘው ሰው ለሦስትና ለአራት ሳምንት በትኩሳት ይነድድ ነበር፤ ከ100 በሽተኞችም ከ10 የሚበልጡት ይሞቱ ነበር። ሞቱም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አንጀት ሲደማ ወይም ሲበሳ ነው። በ1947 ዓ.ም. ግን በቬኔዙዌላ አገር ከተወሰደ አፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሐዋሲ ክሎራምፌኒኮል የተባለ መድኃኒት ተገኘ። በ1948 ጆሴፍ ስማዴልና ቴዎዶር ውድዋርድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋራ ይህንኑ መድኃኒት ይዘው ወደ ማላያ፥ ወደ ኩዋላ ላምፑር ሄዱ። የሄዱበት ጉዳይ በዚያ አገር ጫካ የሚገኘውን የታይፈስ ዘመድ ለማከም ነበር። ከታከሙት በሽተኞች መካከል ግን በስሕተት የገቡ የታይፎይድ ሕሙማን ተገኙ፤ እነሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳታቸው ለቀቃቸው። የሁለቱ በሽታዎች መመሳሰል እንዲያ ለሰው ልጅ አንድ ጊዜ በጎ ሥራ ሠራ። ከዚያ ወዲህ በጊዜው የታከመ ሰው በታይፎይድ የሚሞተው ከ100 አንድ ያህል ብቻ ሆነ።

ነገር ግን ደስታው ሳይገደብ አልቀረም። ክሎራምፌኒኮል አልፎ አልፎ የደም መሥሪያ የሆነውን የአጥንት መቅኔ እንደሚያደርቅ ታወቀ፤ ከዚያም ባክቴሪያው ራሱ መድኃኒቱን ተላመደ። በ1972 በሜክሲኮ ክሎራምፌኒኮል የማይበግረው ታይፎይድ ብዙ ሰው አሳመመ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ክሎራምፌኒኮልን፥ አምፒሲሊንንና ኮትሪሞክሳዞልን በአንድነት የናቀ ዘር በእስያ ተነሣ። ሐኪሞችም ወደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ዞሩ፤ እሱንም ብዙ ቦታ ለመደው። በ2016 ደግሞ በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር ሲፕሮፍሎክሳሲንንና ሴፍትሪያክሶንን ጭምር የሚቋቋም ታይፎይድ ተነሣ፤ ለዚህኛው በአፍ ከሚዋጡት መድኃኒቶች የቀረው አዚትሮማይሲን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ በ70 ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ መድኃኒት ባወጣ ቁጥር ባክቴሪያው ተከትሎ መልስ ሰጠ። የመልሱን ትምህርት ያስተማርነው እኛው ነን፤ ያለ በሽታ በመዋጥ፥ በጎደለ መጠን በመዋጥ፥ አጋምሶ በመተው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል በጎደለ መጠን መዋጥ ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። በ2019 በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ሊቃውንት ገምተዋል።

ብዙ ሰው አንቲባዮቲክን የሚያስበው እንደ አንድ ነገር ነው፤ «ጠንካራ» እና «ደካማ» ብሎ ይከፍለዋል፤ ጠንካራውንም ይመርጣል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ሁሉ እንደምታውቁት፥ አንድ ደብዳቤ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር፥ ማኅተሙም ቢደምቅ፥ ለተሳሳተ መሥሪያ ቤት የተላከ እንደ ሆነ ጉዳዩ አይፈጸምም። መድኃኒትም አድራሻ አለው። ባክቴሪያውን መግደል መቻሉ ብቻ አይበቃም፤ ባክቴሪያው ካለበት ስፍራ በበቂ መጠን መድረስ አለበት።

ለምሳሌ ናይትሮፉራንቶይን የተባለው መድኃኒት ከ1953 ጀምሮ የኖረ አሮጌ መድኃኒት ነው። ከተዋጠ በኋላ ኩላሊት ፈጥኖ ወደ ሽንት ስለሚያወጣው በፊኛ ውስጥ ይከማቻል፤ በደም ውስጥ ግን በቂ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ለፊኛ በሽታ እጅግ ጥሩ ሲሆን፥ ኩላሊትን ለያዘ በሽታ አይበቃም፤ ለታይፎይድማ ከነጭራሹ አይጠቅምም። አዚትሮማይሲን ደግሞ ተቃራኒው ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ ተንኮለኛ ነው፤ ሊበሉት በሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ በእነሱም ውስጥ ሆኖ በጉበት፥ በጣፊያና በመቅኔ ይራባል። አዚትሮማይሲን በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ስለሚከማች ይደርስበታል፤ በሽንት ውስጥ ግን ጥቂት ስለ ሆነ ለፊኛ በሽታ አይታዘዝም። ጄንታማይሲን የተባለው መርፌ በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የታይፎይድን ባክቴሪያ ይገድላል፤ በሰው ገላ ውስጥ ግን ወደ ሕዋሱ ስለማይገባለት አይፈውስም። ለታይፈስ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየው ዶክሲሳይክሊን ነው የሚበጀው። «ለጓደኛዬ የሠራ ለእኔም ይሠራል» የሚለው አነጋገር ለምን ከንቱ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

አድራሻው የሕክምናውንም ርዝመት ይወስናል። በፊኛ ላይ ብቻ ለቆመ በሽታ ኮትሪሞክሳዞል ለ3 ቀን፥ ናይትሮፉራንቶይን ለ5 ቀን ይበቃል። በሕዋስ ውስጥ ለተደበቀው ታይፎይድ ግን አዚትሮማይሲን 7 ቀን፥ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከ7 እስከ 10 ቀን፥ በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልጋል። የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው በአካባቢው ያለው ባክቴሪያ የቱን መድኃኒት እንደ ተላመደ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ደግሞም ትክክለኛው መድኃኒት ተጀምሮ እንኳ የታይፎይድ ትኩሳት በአብዛኛው ለመውረድ ከ3 እስከ 5 ቀን፥ አንዳንዴም አንድ ሳምንት ይፈጃል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ወደ ሌላ ክሊኒክ መሮጥና መድኃኒት መለወጥ፥ ዘሩ ሳይበቅል ማሳውን እንደገና እንደ ማረስ ነው።

ስለ ሽንት በሽታ ብዙ ሰው መናገር ያፍራል። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና ሳናፍር እንነጋገር። በፀሐይ መሽናት፥ በጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ፥ ወይም ብርድ የሽንት በሽታ አያመጣም። ከ100 የፊኛ በሽታዎች 80 ያህሉን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፥ ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪሽ በ1885 የገለጸው ነው። የሚኖረውም በገዛ አንጀታችን ውስጥ ነው፤ በዚያ ሳለ ጉዳት የለውም፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሽንት መውጫ ሲገባ ግን በሽታ ይሆናል። የሴቶች የሽንት መውጫ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን የወንዶች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በሽታው በሴቶች ላይ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ አንዲት ልጃገረድ ይህ በሽታ ቢይዛት የጠባይ ጉድለት ምልክት አይደለም፤ የአፈጣጠር ነገር ነው። ጓደኞቿም የሚያሾፉበት ነገር የለም።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ሲሸኑ ማቃጠል፥ ቶሎ ቶሎ መምጣት፥ ጥቂት ብቻ መውጣት፥ እምብርት ሥር መክበድ። እነዚህ ብቻ ከሆኑ በሽታው ገና ፊኛ ላይ ነው። ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፥ ከፍ ያለ ትኩሳት፥ በጎድን ሥር ጀርባን መውጋት፥ ማስመለስ ከተጨመረ ግን ወደ ኩላሊት ወጥቷልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል። እንዲህ ያለውን የኩላሊት ትኩሳት ነው ብዙ ሰው «ታይፎይድ» እያለ ሳምንት የሚያሳልፈው። ወንድ ሆኖ ሲሸና የሚያቃጥለው፥ በተለይም መግል የመሰለ ፈሳሽ የሚወጣው ሰው ጨብጥ ሊሆን ስለሚችል፥ ሕክምናውም ሌላ ስለ ሆነ፥ እሱም የትዳር ጓደኛውም በአንድነት ይመርመሩ። እርጉዝ ሴት ደግሞ ምልክት ባይኖራትም እንኳ በሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ከተገኘ መታከም አለባት፤ ለእርጉዝ የማይሰጡ መድኃኒቶችም አሉና ማርገዟን አስቀድማ ትናገር።

በሽንትም ነገር ያች ወረቀት ትመጣለች። ምንም የማያመው፥ የማያቃጥለው ሰው ለሥራ ቅጥር ወይም ለሌላ ጉዳይ ሽንቱን ሰጥቶ «መግል ታየ» ወይም «ባክቴሪያ አለ» ሲባል ይደነግጣል፤ ኪኒንም ይዋጣል። ከእርጉዞችና ለአንዳንድ የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና ከሚዘጋጁ ሰዎች በቀር፥ ምልክት የሌለው ሰው እንዲህ ስለ ተባለ ብቻ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። የሽንት ዕቃው ንጹሕ አለመሆኑ ብቻ እንዲህ ያለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። መካሪ ሐኪም የሚያክመው ሰውዬውን ነው እንጂ ወረቀቱን አይደለም።

የፊኛ በሽታ መድኃኒትም በልማድ የሚመረጥ አይደለም። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ኢ. ኮላይ አምፒሲሊንንና አሞክሳሲሊንን በብዛት እንደ ተላመደ አሳይተዋል። ስለዚህ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው ያ የታወቀ እንክብል ለሽንት ማቃጠል ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። በሽታው የሚመላለስበት ሰው የሽንት ካልቸር ያሠራ፤ አንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ አምስት ጊዜ በከንቱ ከሚገዛው ኪኒን ይረክሳል።

መድኃኒቱ ከታዘዘላችሁ አወሳሰዱን ዕወቁ። ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከወተት፥ ከእርጎ፥ ከጨጓራ ማስታገሻ ወይም ከብረት ኪኒን ጋራ አትውሰዱ፤ ይይዙትና ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ዶክሲሳይክሊንን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡ፤ ውጣችሁም ወዲያው አትጋደሙ፤ ጉሮሮን ያቆስላል። ናይትሮፉራንቶይን ከምግብ ጋራ ይወሰዳል፤ ሽንትን ቢያጠቁር አትደንግጡ። ቀድሞ መድኃኒት አሳክኳችሁ ወይም ፊታችሁን አሳብጧችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የተረፈ ኪኒን ካለ ለባልንጀራ አታካፍሉ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ በአገራችን ሕግ የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ፤ ሻጩ «ልስጥህ» ቢላችሁ እንኳ ገዢው እናንተ ናችሁ።

የሚያስቸኩሉትንም ምልክቶች በቃላችሁ ያዙ። ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ትኩሳት፥ የአንገት መገተር፥ መቃዠት፥ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት ሰገራ፥ በትኩሳት መካከል በድንገት የሚመጣ ብርቱ የሆድ ሕመም፥ ሽንት መቆም፤ እነዚህ ከታዩ ወደ ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው የሚኬደው።

በመጨረሻ፥ ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚረክሰውን እንናገር። ታይፎይድ ከሰው ወደ ሰው እንጂ ከእንስሳ አይመጣም፤ እጁን በሳሙና የሚታጠብ ምግብ ሠሪ ብዙ ቤት ያድናል። በኒው ዮርክ ሜሪ ማሎን የምትባል ወጥ ቤት ራሷ ጤነኛ ሆና ሳለ ባክቴሪያውን ተሸክማ ብዙ ሰዎችን አሳምማለች፤ በ1907 ተገኝታ ተገለለች፤ ምግብ ላትሠራ ቃል ገብታ ብትለቀቅም በ1915 እንደገና በወጥ ቤት ሥራ ላይ ስለ ተገኘች፥ በ1938 እስክትሞት ድረስ ተገልላ ኖረች። ከታይፎይድ ከሚድኑት 100 ሰዎች ከ2 እስከ 5 ያህሉ እንዲሁ ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ይቀራሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማውን ሰላጣና ጎመን ሳያበስሉ መብላት፥ ያልፈላ ወተት መጠጣት፥ ከየትም የተቀዳ ውኃ መጎንጨት የዚህን በሽታ በር መክፈት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ያጸደቀው አዲስ የታይፎይድ ክትባትም አለ፤ ፓኪስታን በ2019 በመደበኛ የክትባት ፕሮግራሟ ውስጥ በማስገባት ቀዳሚ ሆናለች። ለሽንት በሽታ ደግሞ ውኃ በበቂ ጠጡ፤ በፈተና አዳራሽም ሆነ በረዥም መንገድ ሽንት አትያዙ፤ ሴቶች ከመጸዳጃ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ፤ ከግብረ ሥጋ ግንኙነትም በኋላ ይሽኑ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያተኩሳችሁ ወረቀቷን ከማየታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው? ወባና ሽንት ታይተዋል? የታዘዘው መድኃኒት ለየትኛው በሽታ፥ ለስንት ቀን ነው? ሐኪማችሁ እነዚህን በደስታ ይመልስላችኋል። መልሱንም በማስታወሻ ደብተራችሁ ከነቀኑ ጻፉት፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ሐኪም ሲያያችሁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ነውና።